«ባዶውን አሳየኝ»፦ ከጅጅጋ ሆነን የኮከብ መግነጢስ የለካንባቸው ዓመታት

ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጥብ አይታችሁ፣ ልትጠርጉት ጨርቅ ይዛችሁ ስትነሡ ነጥቡ አብሯችሁ ሲንቀሳቀስ ገጥሟችሁ ያውቃል? መነጽራችሁን ስታወልቁ ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ የቆሸሸው መስታወቱ ነው። መነጽር የማታደርጉ ከሆነ ሬዲዮ አስቡ። ጣቢያ ብትቀያይሩም የማይለቃችሁ እዝዝ የሚል ድምፅ ካለ፣ ድምፁ የጣቢያው ሳይሆን የራሱ የሬዲዮው ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ነጥብ በሥራዬ ላይ ገጥሞኛል። ያየሁት ግን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ኮከብ ላይ ነበር።

ጡረታ አልወጣሁም፤ ለዚያ ገና ነኝ። ባለፈው ዓመት ግን ማስተማር አቁሜ ወደ ሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ገብቻለሁ። አንድ ሥራ ሲያበቃ የተማርኩበትን ነገር በቅደም ተከተል ማስቀመጥ እወዳለሁ። አስተማሪ ስለነበርኩ ማስረዳት እንደማበዛ ይገባኛል፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቱሊ ጉሌድ ነው። የጅጅጋ ነጋዴ ልጅ ብሆንም ከከተማው ወጥቼ የኖርኩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ ፊዚክስን በጠመኔ ብቻ አስተማርኩ። ቀጥሎ ቶጎጫሌ ተዛወርኩ። ድንበር ላይ ያለ ከተማ ስለሆነ ተማሪው ግማሽ ልቡ ከጭነት መኪኖቹ ጋር ነው፤ ዕቃ የገባ ቀን የኋላ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። ደሞዙ የአስተማሪ ደሞዝ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ቶጎጫሌ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ፦ ሲዲ። የዘፈን ቤቶች የተበላሸውን ሲዲ ይጥሉት ስለነበር እየለመንኩ ሰብስቤ ለተማሪዎች አደልኩ። የሲዲን የሚያብረቀርቅ ጎን ወደ አምፖል ብታዞሩት ቀለማቱ ሳይቆራረጡ ተያይዘው ይታያሉ። ወደ ፍሎረሰንት መብራት ብታዞሩት ግን ቀለማቱ ተለያይተው፣ በመካከላቸው ጨለማ ገብቶ ታያላችሁ። ሁለቱም ለዓይን ነጭ ብርሃን ናቸው፤ ሲተነተኑ ግን ይለያያሉ። ብርሃን ከየት እንደመጣና በምን ውስጥ እንዳለፈ የሚናገረው በዚህ መንገድ ነው። የትኛው ቀለም በዛ? የትኛው ጎደለ? በኋላ በኮከብ ላይ የሠራሁት ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ወደ ጅጅጋ የተመለስኩት አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በረዳት አስተማሪነት ሲቀጥረኝ ነው። እዚያ አብዲረሺድ የሚባሉ አንጋፋ የፊዚክስ መምህር አገኘሁ። ተማሪውም ባልደረባውም «ማአሊን» ይላቸዋል፤ በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። ሲቲ ዞን ውስጥ ባለችው ደምበል ተወልደው ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛቸው አጭርና ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። ጠመኔያቸውን በወረቀት ጠቅልለው በሸሚዝ ኪሳቸው ይይዛሉ። ሻያቸውን ካልቀዘቀዘ አይጠጡትም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ግራፍ ስታቀርቡላቸው አያዩትም። ወረቀቱን በደረቱ ጠረጴዛው ላይ ያስተኙትና እጃቸውን ከላይ አድርገው፣ «ባዶውን አሳየኝ» ይላሉ። የምትለኩት ነገር በሌለበት ጊዜ መሣሪያችሁ ምን ይላል? ወይም ምንም የተለየ ነገር እንደሌለበት በሚታወቅ ነገር ላይ ስትሞክሩት ምን ያሳያል? ይህን ሳትመልሱ የራሳችሁን ግራፍ አታስገለብጧቸውም። ቮልቲሜትር ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚያነቡት ሽቦው ሳይያያዝ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲሄዱ እንኳ የሰፊውን ሜትር በራሳቸው ማስመሪያ ላይ ዘርግተው ሳያዩ አይለኩም።

አንድ ቀን የግመል ሥጋ ሊገዙ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ባለ ሥጋው ሥጋውን ሚዛን ላይ ሊወረውር እጁን ሲያነሣ ማአሊን አስቆሙት።

«ዋርያ፣ ቆይ። መጀመሪያ ባዶውን ልየው።»

«ማአሊን፣ ዛሬም ባዶ ልትገዛ መጣህ?»

«ባዶውን ካሳየኸኝ ሥጋውንም እገዛለሁ።»

«ወላሂ፣ ባዶውን በነጻ ውሰደው!» አለና ወገቡን ይዞ ሳቀ። ማአሊን ግን አልሳቁም፤ መርፌው እስኪረጋ ድረስ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ድሮ መጋዘን የነበረች ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ክፍል ነበረችን። አራት አሮጌ ኮምፒውተሮችና አንድ የኢንተርኔት መስመር ነበራት። ማአሊን ለዓመታት ለምነው ያገኟት ናት። ሥራችን ኒውትሮን ኮከብ የሚባሉትን ከዋክብት መግነጢስ መለካት ነበር። ይህን ስንናገር ሰው ይስቅብን ስለነበር ክፍሏ «የኮከብ ቤት» ተባለች። ከበሩ ማዶ ሻይ በወተት የምትሸጠው ሆደን አንድ ቀን ብርጭቆውን ስታቀብለኝ ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ኮከብ ራጅ ታነሣላችሁ የሚባለው እውነት ነው?»

«እኛ አናነሣም። ራጁን የሚልከው ኮከቡ ራሱ ነው፤ እኛ እንቆጥራለን።»

«ምን ሆኖ ነው? ወድቆ ነው?»

ማአሊን ከኋላዬ መለሱላት፦ «ሌላ ኮከብ እየወደቀበት ነው።»

«ውይ፣ ምስኪን!»

መልሳቸው ቀልድ አልነበረም። አንድ ግዙፍ ኮከብ ዕድሜውን ሲጨርስ መካከሉ ተጨምቆ ትንሽ ኳስ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ከጅጅጋ ተነሥታችሁ የካራማራን ተራራ አልፋችሁ ትንሽ ወረድ እስክትሉ ካለው መንገድ አይበልጥም። ይህ ኳስ አንዳንዴ ብቻውን አይደለም፤ በአጠገቡ ጤነኛ ኮከብ አለ፤ ሁለቱ አንዱ በሌላው ዙሪያ ይዞራሉ። ከጤነኛው ኮከብ ጋዝ እየተሳበ ወደ ኳሱ ይወድቃል። የኳሱ መግነጢስ ጋዙን እንደ ቦይ መርቶ ወደ ሁለቱ ዋልታዎቹ ያወርደዋል። እዚያ ሲያርፍ እጅግ ይግላል፤ ሲግል ሆደን ራጅ ያለችውን ዓይነት ጨረር ይረጫል።

ታዲያ መግነጢሱ እንዴት ይለካል? ሜትር ይዞ የሚሄድ የለም። የሚለካው በጎደለ ጨረር ነው። በዚያ ኃይለኛ መግነጢስ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከጨረሩ መካከል የተወሰነ ጉልበት ያለውን መርጠው ይውጣሉ። ጨረሩን በጉልበቱ ደርድራችሁ ግራፍ ብትሠሩ፣ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ጉንጭ ስርጉድ ያለ ጎድጓዳ ይታያል። ስርጉዱ ወደ ከፍተኛው ጉልበት በሄደ ቁጥር መግነጢሱ ይበረታል። የኮከቡ ስበት ጨረሩን ሲወጣ ስለሚያደክመው ለዚያ ትንሽ ማረሚያ ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ መልሱን ታገኛላችሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ የምድራችንን መግነጢስ በትሪሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ነው።

ይህ ጨረር አየራችንን አያልፍም፤ የሚቆጠረው ጠፈር ላይ ባሉ ሳተላይቶች ነው። ደግነቱ መረጃው ከጊዜ በኋላ ለዓለም ሁሉ በነጻ ይለቀቃል። ጅጅጋ ያለ ሰውም ኢንተርኔት ካገኘ ያወርደዋል። ችግሩ «ካገኘ» የሚለው ላይ ነው። በሥራ ቀን መስመራችን ተጨናንቆ አንዲት ፋይል ሳትጨርስ ይቋረጥ ነበር። አርብ ግን የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ ከተማው ጸጥ ይላል፤ ቢሮዎች ይዘጋሉ፣ መስመሩም ይለቀቃል። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ አርብ አርብ ቤቷን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ማአሊን መስጊድ ሲሄዱ ማውረድ እጀምራለሁ፤ ሲመለሱ ጫማቸውን በር ላይ እያራገፉ «ስንት ወረደ?» ይላሉ፤ ገበሬ ስለ ዝናብ እንደሚጠይቀው። የኮከቡ ሥራ ሁሉ የተሠራው አርብ አርብ በወረደ መረጃ ነው።

ከወረደ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ሳተላይቱ ኮከቡን ሲያይ አብሮ ሰማዩንም ያያል፤ የሰማዩን ትቀንሳላችሁ። ኮከቡ ስለሚሽከረከር ጨረሩ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ብልጭታዎቹን በዙራቸው ትደረድራላችሁ። በመጨረሻ የመቀበያውን ጠባይ ታወጣላችሁ። መቀበያው ለሁሉም ጉልበት እኩል አይደለም፤ አንዱን በደንብ ይቀበላል፣ ሌላውን ያሳልፈዋል። ይህን ጠባይ የሚገልጽ የማስተካከያ ፋይል አለ። መቀበያው ሲያረጅ ጠባዩ ስለሚለወጥ ፋይሉም በየጊዜው ይታደሳል። የታደሰው ፋይል ግን ከኮከቡ መረጃ እጅግ ይከብድ ነበር፤ በኛ መስመር ሲሞከር እየተቋረጠ አስቸገረ። አንድ ባልደረባ ቀደም ብሎ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያመጣው አሮጌ ፋይል ነበረንና በእሱ ቀጠልን። ፋይሉን ያየ ሁሉ ይበቃል አለ።

አንድ ዓመት ዲኑ ማአሊንን አስጠሩ፤ እኔም አብሬ ገባሁ። ዲኑ ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ማአሊን፣ ያቺን ክፍል ለፈተና ወረቀት ማከማቻ ይፈልጓታል። እስከ ሰኔ ለመጽሔት የሚላክ አንድ ውጤት ካሳያችሁኝ ማንም አይነካችሁም። ካልሆነ ግን መከራከሪያ አይኖረኝም።»

ስንወጣ ማአሊን አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ይህች ቤት ከተዘጋች ሁለተኛ አትከፈትም።» እውነት ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ከእሳቸው ሌላ አልነበረም፤ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልሠራንም። መግነጢሱ ተለክቶ ያላየነው አንድ ጥንድ ኮከብ መርጠን መረጃውን ሰበሰብን። ግንቦት ሲገባ ግራፉ ወጣ። ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር መካከል ላይ ጎደል አለ። ስርጉድ! አትሜ ሰጠኋቸው።

ማአሊን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱና ለረጅም ጊዜ አዩት። «ማሻ አላህ» አሉ። ዕለቱን ወደ ዲኑ ሄደው ነገሯቸው። ሆደንም ሰምታ ሻዩን በነጻ አደረገችው፤ «ሰነፎች መስላችሁኝ ነበር» አለች።

እኔ ግን ቤት ስገባ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ማአሊን ወረቀቱን አልገለበጡትም። ባዶውን አልጠየቁም።

በማግስቱ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቁም። ስለ መጽሔቱ፣ ስለ ርዕሱ፣ ስሞቻችን እንዴት እንደሚጻፉ አወሩ። በልባቸው አጣርተውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እኔም ዝም ብል ቤቷ እንደምትተርፍ አሰብኩ።

የኮከብ ጨረር የሚለኩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ የጨረር ምንጭ አለ፤ ከፈነዳ ኮከብ የተረፈ ደመና ሲሆን ክራብ ይሉታል። ጨረሩ ልስልስ ነው፤ ስርጉድ የለበትም። ስለዚህ ለኛ እንደ ባዶ ሚዛን ነው። በቀጣዩ አርብ ማአሊን ወደ መስጊድ ሲሄዱ ማውረድ የጀመርኩት ያንኑ መቀበያ በዚያው ሰሞን ስለ ክራብ የሰበሰበውን መረጃ ነበር። አልጨረሰም። በሚቀጥለው አርብ ቀጠልኩና ጨረሰ። ያንኑ የፍላሽ ፋይል ተጠቅሜ፣ በዚያው መንገድ ግራፉን ሠራሁ።

ስርጉዱ እዚያው ቦታ ላይ ነበር።

ማአሊን ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ገቡ። ጫማቸውን በር ላይ አራገፉ።

«ስንት ወረደ?»

«ወርዷል ማአሊን። የወረደው ግን የኛ ኮከብ አይደለም።»

ጠረጴዛው ላይ በደረቱ የተኛውን ወረቀት አዩ። «ምንድን ነው?»

«ባዶው ነው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ አልጠየቅኩህም» አሉ።

«አዎ፣ አልጠየቁኝም።»

ወረቀቱን ገለበጡት። ከዚያ የኮከባችንን ግራፍ ከመሳቢያ አወጡና ሁለቱን አነባብረው የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፏቸው። ፀሐይ ስላለ መስመሮቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ታዩ። ሁለቱ ስርጉዶች ተገጣጠሙ።

«አዮዲን» አሉ ቀስ ብለው።

ላስረዳ። ጨው ውስጥ የሚጨመረው አዮዲን የመቀበያው ክሪስታል ውስጥም አለ። አዮዲን በአንድ የታወቀ ጉልበት ላይ ጨረርን የሚቀበልበት መንገድ በድንገት ይለወጣል። አዲሱ ማስተካከያ ፋይል ይህን በትክክል ያወጣዋል። የኛ አሮጌ ፋይል ግን ስለ ወጣቱ መቀበያ እንጂ ስላረጀው አያውቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ጉድለት ትቶልን ነበር። ኮከቡ ላይ ያየነው ጉድለት እሱ ነው።

«ሌላ ማን አየው?» አሉ።

«ማንም።»

ከውጭ የሆደን ብርጭቆዎች ሲንኳኩ ይሰማል። ማአሊን ጠመኔያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወረቀቱን ፈቱ፤ መልሰው ጠቀለሉት። ጥያቄያቸው ወዴት እንደሚሄድ አላወቅሁም። እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም።

«አዲሱን ፋይል እስከ ሰኔ ማውረድ ይቻላል?»

«አይመስለኝም። ቢወርድም ስርጉዱ ይጠፋል።»

«ይጠፋል» አሉና ተነሡ። «ና።»

ዲኑ ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ማአሊን፣ ለበላይ ነግሬያለሁ እኮ። አሁን ይላክና በሚቀጥለው ዓመት ብታርሙትስ?»

«የነገርኩህ የሌለ ነገር ነው። የሌለ ነገር በሚቀጥለው ዓመትም የለም።»

«ክፍሏስ?»

«አውቃለሁ» አሉ ማአሊን።

በሰኔ መጨረሻ ኮምፒውተሮቹን እያወጣን፣ ሠራተኞች የፈተና ወረቀት ጆንያ እያስገቡ በአንዲት በር ተላለፍን። ሆደን ሻይዋን ትታ ቆማ ታየን ነበር።

«ማአሊን፣ ኮከቡ ሞተ እንዴ?»

«ኮከቡ ደህና ነው። የታመመው መነጽራችን ነው።»

አዲሱን ፋይል በክረምቱ፣ ተማሪ በሌለበት፣ በመምህራን ክፍል ኮምፒውተር አወረድነው። ስርጉዱ ጠፋ። የዚያ ኮከብ መግነጢስ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማአሊን ቀሪ ሁለት ዓመታቸውን አዲስ ገቢዎችን ሲያስተምሩ አሳለፉ። ስለ ቤቷም ሆነ ስለዚያ አርብ አንድ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ግራፍ ሳመጣላቸው ግን እንደ ድሮው ይገለብጡታል፤ አንዴ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ እንዳደረጉ ቀና ብለው አዩኝና፣ «እኔ ከረሳሁ አንተ ጠይቀኝ» አሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ደምበል ገቡ። እኔም የጥገና ሙያ ተምሬ ከማስተማር ወጣሁ። አሁን ከቶጎጫሌ እስከ ሲቲ ዞን ባሉ ከተሞች እዞራለሁ፤ የአበል ፎርሙ ከሥራው ይበልጣል፤ ሥራው ግን ደስ ይላል።

በቅርቡ ሥራ ደምበል ወሰደኝ። ማአሊን መምጣቴን ሰምተው ወደ ጤና ተቋሙ መጡ፤ የተጠራሁት ለሌላ ዕቃ ነበር። በኮሪደሩ ስናልፍ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ የሕፃናት ሚዛን አጠገብ ቆማለች። ቆም አልኩና ሚዛኑ ላይ የተነጠፈውን ጨርቅ አንሥቼ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ልጁን አትመዝነውም እንዴ?» አለች እናትየው።

ማአሊን በሶማሊኛ መለሱላት፤ «መጀመሪያ ባዶውን ያያል» አሏት።

መርፌው ዜሮ ላይ አልነበረም። ሚዛኑ ባዶውን ሆኖ ክብደት ያሳይ ነበር። እዚያ የተመዘነ የከሳ ሕፃን ሁሉ ከእውነቱ የወፈረ ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው። ብሎኑን አዙሬ ዜሮ ላይ አስገባሁትና እናትየው ልጁን አስቀመጠችው። አጠገቧ የነበረችው ነርስ ቁጥሩን አየች፤ የክሳቱን መጠን ለማወቅ የልጁን ክንድ ደግሞ ለካችና የተመጣጠነ ምግብ ወደሚሰጥበት ክፍል መራቻቸው። ማአሊን እናትና ልጁ በሩን እስኪያልፉ በዓይናቸው ተከተሏቸው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ሀዬ» አሉ፤ እሺ፣ ይሁን እንደ ማለት ነው። በቤታቸው የቀዘቀዘ ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ቤታችሁ የማይሠራ ሲዲ አይጠፋም። መስኮቱን ጋርዱ፣ መብራቱንም ሳታበሩ ሲዲውን ያዙትና ተመልከቱ። ጭረት ታያላችሁ፣ ከመጋረጃው ጠርዝ የገባ ብርሃን ታያላችሁ፣ የራሳችሁን ፊት ጥላም ታያላችሁ። ያያችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ሣሉት። ከዚያ መብራቱን አብሩና እንደገና ሣሉ። ከሁለተኛው ሥዕል የመጀመሪያውን ቀንሱ፤ የቀረው የመብራቱ ነው። ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ካሉ መጀመሪያ መብራቱን ለማብራት ይቸኩላሉና፣ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ እጃችሁን አድርጉ።

እስቲ ሞክሩት።